ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ሳይታወቅ ጥያቄ ማብዛት አይጠቅማትም፦ ለ8ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ምክር ለጠየቁን እናት

ከጎንደር፣ ከአዘዞ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

«ልጄ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሌላው ትምህርት ደኅና ናት፤ በሒሳብ ግን በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያመጣችው ከመቶ 43 ነው። ኮሮና ሲገባ 3ኛ ክፍል ነበረች፤ ከዚያ ወዲህም ትምህርቱ ሲዘጋ ሲከፈት ነው ያደገችው። ክልላዊው ፈተና ሰኔ ላይ ነው ስለተባለ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በፎቶ ኮፒ ገዛሁላት። እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ትሠራለች፤ መልሱን ስታመሳክር ግን ግማሹን ስታው ታገኘዋለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀድዳ ታለቅሳለች። ጎረቤት ዐይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ውሰጃት ይለኛል። አስጠኚ ልቅጠር ብዬ ስጠይቅ ዋጋው ከበደኝ፤ ዕቁቤን ለምኜ አስቀድሜ ላውጣና ልክፈል? ዘንድሮ ይቅርባት፣ ለከርሞ ትፈተን የሚሉም አሉ። እኔ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጥኩ ነው የማሳድጋት፤ ከ5ኛ ክፍል አላለፍኩምና በሒሳብ ልረዳት አልችልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እኅቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከጥያቄዎችዎ መካከል በአጭሩ ሊመለሱ የሚችሉትን አስቀድሜ ልመልስ። ልጅዎ ዘንድሮ ትፈተን። ዕቁብዎን ለጊዜው አይንኩት። የእኩለ ሌሊቱ ጥናት ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። «በሒሳብ ልረዳት አልችልም» ያሉትን ግን አልቀበልዎትም፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር እርስዎ ሒሳብ ሳይማሩ ልጅዎን እንዴት ሊረዷት እንደሚችሉ የሚያስረዳ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ልጅዎ ስሕተት የበዛበትን ወረቀት ከእንግዲህ እንዳትቀድድ ያድርጉ። በቤታችሁ ውስጥ ስለ ችግሯ እውነቱን የሚናገሩት እነዚያ ወረቀቶች ናቸው። ከጥያቄዎቹ ጋር የገዙት የመልስ ቁልፍ የሚነግራት «ተሳስተሻል» ብሎ ብቻ ነው፤ በየትኛው እርምጃ ላይ፣ በምን ምክንያት እንደተሳሳተች አይነግራትም። ይህን ሳታውቅ መቶ ጥያቄ ብትሠራ ያንኑ ስሕተት መቶ ጊዜ ትለማመደዋለች እንጂ አታርመውም። ከዚያም «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» ወደሚል ተስፋ መቁረጥ ትደርሳለች፤ የሚያስለቅሳትም ይኸው ይመስለኛል።

ነገሩን በቅርብ ለማሳየት አንድ ጥያቄ ልውሰድ። በ8ኛ ክፍል ፈተና ላይ ዘወትር የሚመጣው ዓይነት ነው፦ 3(ኤክስ − 2) = 5ኤክስ + 8 ቢሆን የኤክስ ዋጋ ስንት ነው? ምርጫዎቹም 7፣ −1፣ −5 እና −7 ናቸው እንበል። ትክክለኛው መንገድ 3ን በቅንፉ ውስጥ ካሉት ከሁለቱም ጋር ማብዛት ነው፤ 3ኤክስ − 6 = 5ኤክስ + 8 ይሆናል፤ ኤክስ ያለባቸውን ወደ አንድ ወገን፣ ቁጥሮቹን ወደ ሌላው ወገን ስንሰበስብ −14 = 2ኤክስ እናገኛለን፤ ስለዚህ መልሱ −7 ነው። አሁን የተሳሳቱትን ምርጫዎች እንመልከታቸው። 3ን ከኤክስ ጋር ብቻ አብዝታ 2ን የረሳች ተማሪ 3ኤክስ − 2 = 5ኤክስ + 8 ብላ ትጽፍና −5 ታገኛለች። ቅንፉን በትክክል ፈትታ ሳለ −6ን ወደ ቀኝ ስታሻግር ምልክቱን መቀየር የዘነጋች ተማሪ −1 ታገኛለች። ሁሉን አስተካክላ ሠርታ በመጨረሻው ማካፈል ላይ የመቀነስ ምልክቱን የጣለች ደግሞ 7 ታገኛለች። የፈተና አዘጋጆች የተሳሳቱ ምርጫዎችን የሚያወጡት ከእንደዚህ ዓይነት የታወቁ ስሕተቶች ነው፤ ተማሪዋም ያገኘችው ቁጥር ምርጫው ውስጥ ተጽፎ ስታየው ደስ ብሏት ታጠቁረዋለች። ሦስት ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ቢስቱ ሦስቱም ዜሮ ያገኛሉ፤ ሆኖም የሚያስፈልጋቸው እርዳታ የተለያየ ነው። አንደኛዋ ቅንፍ መፍታትን መማር አለባት፤ ሁለተኛዋ ምልክት ለምን እንደሚቀየር ሊገባት ይገባል፤ ሦስተኛዋ ትችላለች፤ የሚያስፈልጋት መልሷን መልሳ መፈተሽ ብቻ ነው። −7ን በኤክስ ቦታ ብትተካው በግራም −27፣ በቀኝም −27 ይመጣል፤ 7ን ብትተካ ግን በግራ 15፣ በቀኝ 43 ሆኖ አለመስማማቱ ወዲያው ይታያታል። ይህ ፍተሻ ጊዜ የሚወስድ ይመስላል እንጂ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የልጅዎ እጅ እስኪለምደው ድረስ በእያንዳንዱ እኩልታ ላይ እንድታደርገው ያስለምዷት።

እርስዎ የሚገቡበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ማታ ከእራት በፊት፣ ገና ሳይደክማት፣ በዕለቱ ከሳተቻቸው ጥያቄዎች መካከል ሦስቱን ብቻ ይዛ አጠገብዎ ትቀመጥ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ አስረጅኝ፤ ይህን ለምን አደረግሽ?» ብለው ይጠይቋት። ትክክል ይሁን ስሕተት መፍረድ አይጠበቅብዎትም። ልጅቱ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብላ ለማያውቅ ሰው ስታስረዳ የማታውቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ራሷ ትቆማለች፤ ወይም «እንዲህ ነው የሚባለው» ብላ ምክንያት የሌለው ነገር ትናገራለች። ያ የቆመችበት ቦታ ነው የሚፈለገው። በደብተሯ ጀርባ አንድ ገጽ ለይታ ስሕተቱ ከምን እንደመጣ በአንድ ቃል ትጻፍ፦ ምልክት፣ ክፍልፋይ፣ ቅንፍ፣ ጥያቄው አልገባኝም፣ ደንቡን ረሳሁ፣ ቸኮልኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ከተጻፈ በኋላ ይቆጠር። ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ያየሁት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሒሳብ ምንም አይገባኝም» የምትል ተማሪ ስሕተቷ ሲቆጠር አብዛኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ነገር የመነጨ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ወይም ሦስት ነገር ደግሞ እስከ ሰኔ ይታረማል።

የልጅዎን ወረቀት ባላየውም ከደብዳቤዎ ተነስቼ ቁጥሩ በብዛት ወዴት እንደሚያደላ እገምታለሁ። የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ከራሽናል ቁጥሮች ተነስቶ ወደ ስኩዌርና ስኩዌር ሩት፣ ወደ ኩብና ኩብ ሩት ይሄዳል፤ መስመራዊ እኩልታዎችን፣ የቅርጾችን ተመሳሳይነት፣ የሦስት ማዕዘን ቲዎረሞችን፣ ክብን፣ የጠጣር ቅርጾችን ስፋትና ይዘት ያስተምራል፤ በፕሮባቢሊቲ (አንድ ነገር የመሆን ዕድሉን በቁጥር የሚያሰላ ትምህርት ነው) መግቢያም ያበቃል። እነዚህ ሁሉ ግን የቆሙት በክፍልፋይና በመቀነስ ምልክት ላይ ነው፤ እነዚህንም ተማሪዎች የሚማሯቸው ከ8ኛ ክፍል በፊት ባሉት ዓመታት ነው። ልጅዎ በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ 3ኛ ክፍል ከነበረች ክፍልፋይን በደንብ መማር በነበረባት ዕድሜ ትምህርቷ ተቋርጧል፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የቀጠለው ግጭት አለ። እንግዲህ አንድ ልጅ ያልተማረውን አላወቀም ተብሎ ሰነፍ ሊባል አይገባም። ይህን ለልጅዎ በግልጽ ይንገሯት፤ ከእርስዎ አፍ መስማቷ ይጠቅማታል፤ ጥፋቱ የእርሷም አይደለም፣ የእርስዎም አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ሳምንታት ለጥገና ይሁኑ። ከጎረቤት ልጅ የ5ኛ፣ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ይዋሱላት። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሆና የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ መክፈት ሊያሳፍራት ይችላል፤ ቤት ውስጥ ነውና ማንም አያያትም፤ ደግሞም በዚህ ዕድሜዋ የዚያን ጊዜ ወራት የፈጀው ትምህርት በጥቂት ቀናት ይገባታል።

በመቀነስ ምልክት ትጀምር። ተማሪዎቻችን «ማይነስ ማይነስ ፕላስ» የሚል አባባል በቃላቸው ይይዛሉ፤ አባባሉ ለማብዛትና ለማካፈል የሚሠራ ሲሆን እነርሱ ግን በሁሉም ቦታ ያውሉታል። በዚህም ምክንያት −3 − 5 የሚለውን ሲያዩ 8 ብለው ይመልሳሉ። እርስዎ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፦ ለበርበሬ አከፋፋይ 3 ሺህ ብር ዕዳ ያለበት ሰው 5 ሺህ ደግሞ በዱቤ ቢወስድ ዕዳው 8 ሺህ ይሆናል እንጂ 8 ሺህ ብር ኪሱ አይገባም፤ መልሱ −8 ነው። በአንጻሩ (−3) × (−5) ሲሆን 15 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፋ ልዩነታቸውን እስክታስረዳዎት ድረስ አይለፏት። የ«ያንሳል» እና የ«ይበልጣል» ምልክት ያለባቸው ጥያቄዎች ላይም ይኸው ምልክት ያስታል፤ −2ኤክስ ከ6 ያንሳል ሲባል ሁለቱንም ወገን በ−2 ስታካፍል ምልክቱ ይገለበጥና ኤክስ ከ−3 ይበልጣል ይሆናል፤ መገልበጡን የረሳች ተማሪ ተቃራኒውን መልስ ትመርጣለች።

ክፍልፋይን ደግሞ በእርስዎ ሚዛን ማስተማር ይቻላል። ብዙ ተማሪዎች 1/2 + 1/4 ሲባሉ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው 2/6 ይላሉ። 2/6 ማለት ሲሶ ነው። ግማሽ ኪሎ በርበሬ ላይ ሩብ ኪሎ ጨምረው ሚዛኑ ሲሶ ኪሎ ቢልዎት ሚዛኑን ይጥሉታል፤ ጨምረውበት ሳለ ከግማሽ እንዴት ያንሳል? ትክክለኛው መልስ 3/4፣ ማለትም ግማሹ ኪሎ ሁለት ሩብ ነውና ከተጨመረው ጋር ሦስት ሩብ ኪሎ ነው። 6 ÷ 1/2 ሲባልም 3 ብላ ብትመልስልዎት 6 ኪሎ በርበሬ በግማሽ ግማሽ ኪሎ ሲታሰር ስንት እሽግ እንደሚወጣው ይጠይቋት፤ 12 መሆኑን አንዴ በእጇ ካሰረችው አትረሳውም። ከመቶ የሚሰላውንም እንዲሁ፦ አንዱን ኪሎ በ400 ብር ገዝተው በ460 ብር ቢሸጡት ትርፉ 60 ብር፣ ማለትም ከ400ው 15 ከመቶ ነው። ቅዳሜ ገበያ አብራዎት በምትውልበት ቀን የዕለቱን ሒሳብ በደብተር እርሷ ትያዝልዎት፤ ካልኩሌተር ግን አትንካ፤ ፈተና ላይ የሚሠራው በእጅ ነውና እጇ ይፍታታ። ልጅዎን አልረዳትም ያሉት እርስዎ ይህን ሁሉ በየቀኑ በጭንቅላትዎ ሲሠሩ የሚውሉ ሰው ነዎት፤ ይህን የምለው ለማጽናናት ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ወደ 8ኛ ክፍል መጽሐፍ ትመለስና ምዕራፎቹን ትያዝ። ከቅርጾች ተመሳሳይነት ላይ ጥቂት እንድትቆይ እመክራለሁ፤ ብዙ ተማሪ ደንቡን ይሸመድደዋል እንጂ በዓይኑ አላየውም። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ በጠዋት ፀሐይ ታቁምና ጥላውን ትለካ፤ በዚያው ሰዓት የአንድ ዛፍ ጥላ ትለካ። የዘንጉ ጥላ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የዛፉ ጥላ 4 ሜትር ከ80 ቢሆን የዛፉ ጥላ የዘንጉ ጥላ 8 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ዛፉ 8 ሜትር ነው። በደጃፋችሁ ያለውን ባሕር ዛፍ ከለካች በኋላ በፋሲል ግቢ በኩል ስታልፍ የቤተ መንግሥቱን ግንብ ቀና ብላ አይታ በምን ዘዴ እንደምትለካው ታስብበታለች። ከዚሁ ጋር የሚስቱት ነገር አለ፦ የአንድ ቅርጽ ጎኖች ሁለት እጥፍ ሲሆኑ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ ሁለት እጥፍ አይሆንም።

በሦስት ማዕዘን ላይ የፓይታጎረስን ቲዎረም (ቀጥ ያለ፣ የ90 ዲግሪ ማዕዘን ባለው ሦስት ማዕዘን ሁለቱ አጭር ጎኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ ረጅሙ ጎን በራሱ ሲባዛ የሚሰጠውን ያህል ይሆናሉ የሚለውን) ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሕተቱ የሚመጣው ረጅሙ ጎን ሲሰጥ ነው። ረጅሙ 13፣ አንዱ አጭር ጎን 5 ከተባለ 169 − 25 = 144፤ የጠፋው ጎን 12 ነው፤ ቸኩላ የደመረች ግን ከረጅሙ የሚረዝም «አጭር» ጎን ታገኛለች። የ9 + 16ን ስኩዌር ሩት 3 + 4 = 7 ብሎ ማውጣትም የተለመደ ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ ተደምሮ 25 ይሆናል፣ ስኩዌር ሩቱም 5 ነው። በክብ ላይ ማዕዘኑ መካከል ላይ ነው ወይስ ዙሪያው ላይ የሚለውን ትለይ፤ በአንድ ቅስት ላይ መካከለኛው 80 ዲግሪ ከሆነ በዙሪያው ላይ ያለው 40 ነው። በሲሊንደር ይዘት ላይ የተሰጣት ራዲየስ (ከክቡ መካከል እስከ ጠርዙ) ነው ወይስ ዲያሜትር (በመካከሉ አልፎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ) የሚለውን ታስምርበት። ፕሮባቢሊቲ አጭር ምዕራፍ ነው፤ መልሱ ከዜሮ በታች ወይም ከአንድ በላይ ከወጣ መሳሳቷን ታውቃለች፤ ይህን ምዕራፍ «መጨረሻ ላይ ነው፣ አልተማርነውም» ብላ እንዳትተወው፤ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ይያዛል።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ተራቸው ከዚህ በኋላ ነው። ፈተናው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው በሳምንት አንድ ሙሉ ወረቀት፣ በቀን ብርሃን፣ ሰዓት ተይዞ፣ ማንም ሳያናግራት ትሥራ። በማግስቱ ደግሞ አዲስ ወረቀት ሳትጀምር የሳተቻቸውን ብቻ ትመርምር። በፎቶ ኮፒ የሚሸጡት የመልስ ቁልፎች ራሳቸው ስሕተት እንዳለባቸው ማወቅ አለባት፤ ደጋግማ ፈትሻ ከቁልፉ ጋር ካልተስማማች መምህሯን ትጠይቅ እንጂ ራሷን አትጠራጠር።

ስለ ሰዓቱ። በልጅዎ ዕድሜ ያለች ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባት። በእንቅልፍ እጦት የደከመ አእምሮ መጀመሪያ የሚጥለው እነዚያኑ ምልክቶችና ቅንፎች ነው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሒሳብ ጥናት፣ በሁለት ተከፍሎ፣ በየቀኑ ከተደረገ ከሌሊቱ ይልቅ ብዙ ይሠራል፤ መብራትም ስለማይታመን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ጀንበር ሳትጠልቅ ትጀምር። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ ከመደጋገም የተለያዩ ምዕራፎች ጥያቄዎችን አቀላቅላ ትሥራ፤ ፈተናው «ይህ የእኩልታ ጥያቄ ነው» ብሎ አይነግራትምና የጥያቄውን ዓይነት መለየት ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ የማነሳው ነገር አለ። በከተማችን ውኃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ይዛ የምትሰለፈው፣ ወጥ የምታማስለው፣ ቡና የምታፈላው ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት። እርስዎ ገበያ ሲውሉ የቤቱ ሥራ በእርሷ ላይ እንደሚወድቅ እገምታለሁ፤ ሌላ አማራጭ ስለሌለ እንደሆነም አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ ሰኔ ድረስ ከትምህርት ቤት መልስ ያለችው ያች አንድ ሰዓት ተኩል የእርሷ ብቻ ትሁን። ወንድም ካላት ውኃውን እርሱ ይቅዳ፤ ወንድ ልጅ ጀሪካን ቢሸከም የሚቀርበት ነገር የለም። እኩለ ሌሊት ድረስ የምትቀመጠው ምናልባት ቀኑን የሚሰጣት ስለጠፋ ይሆናል።

ስለ ዐይነ ጥላው ጎረቤቶችዎ ያሉት ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ጸበሉንም ጸሎቱንም አልከለክልም፤ ልብ ያረጋጋል፤ የተረጋጋ ልብ ደግሞ ፈተና ላይ ትልቅ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ በልጅቱ ጆሮ ሲገባ ነው። «ዐይነ ጥላ ይዞሻል» የተባለች ልጅ የሳተችውን ጥያቄ ተመልሳ አታየውም፤ ምክንያቱን ከእርሷ ውጪ አግኝታዋለችና። ስለዚህ ጸበል ቢወስዷትም በጠዋት ይውሰዷትና ማታ ሦስቱን ጥያቄ ይዛ አጠገብዎ ትቀመጥ።

አስጠኚውን በተመለከተ ዕቁብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ የሒሳብ መምህሯን ያነጋግሩ፤ ትምህርት ቤቶች ለ8ኛ ክፍል ተፈታኞች በትርፍ ሰዓት ወይም ቅዳሜ ማጠናከሪያ የሚሰጡበት ጊዜ አለና ካለ ትመዝገብ። ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ ያን የስሕተት ገጽ ይዘው ይሂዱ። «ልጄን እርዱልኝ» ከማለት ይልቅ «ልጄ ቅንፍ ስትፈታ ሁለተኛውን ቁጥር ትረሳለች» ቢሏቸው መምህሩ የሚይዙት ነገር ያገኛሉ፤ በአሥር ደቂቃም ሊያስተካክሉላት ይችላሉ። ከክፍሏ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ጋር ተሰባስባ ብታጠናም ደግ ነው፤ አንዷ ለሌላዋ ስታስረዳ ሁለቱም ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልበቃ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በመጠነኛ ክፍያ የሚያስጠኑ አሉ፤ ወጪውን ከሌሎች ወላጆች ጋር ተካፍለው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሊቀጥሩ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ቀን ቁጭ ብለው ይመልከቱት፦ መጥቶ ሰሌዳ እየሞላ ብቻውን የሚያወራ ከሆነ ያሰናብቱት፤ «መጀመሪያ አንቺ ሥሪልኝና ልይ» የሚል ከሆነ ገንዘብዎ አልባከነም። ፈተናው ሲቃረብ በቴሌግራም «የፈተናው መልስ ወጥቷል» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ይመጣሉ፤ አንድ ሳንቲም አይስጧቸው፤ ልጅቱም አትክፈተው።

የፈተናው ዕለት ብዙ ምክር አይፈልግም። መፈተኛ ጣቢያዋ ሌላ ትምህርት ቤት ከሆነ አስቀድማ ሄዳ ትየው፤ ሰኔ ዝናብ ነውና በጊዜ ትነሣ፤ ቁርስ በልታ ትሂድ፤ የመፈተኛ ካርዷን፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶችን፣ ላጲስና መቅረጫ ማታውኑ ታዘጋጅ፤ ስልክ ይዛ አትሂድ። ወረቀቱ ሲሰጣት መጀመሪያ መመሪያውን ታንብብ። የምታውቃቸውን ጥያቄዎች አስቀድማ ትሥራ፤ የከበዳትን ምልክት አድርጋበት ትለፍ፤ ስታልፍ ግን በመልስ መስጫው ላይም ያንኑ ተራ ቁጥር መዝለሏን ታረጋግጥ፤ አንድ መስመር ከሳተች ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይዛባል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነሳል የሚል በመመሪያው ላይ ካልተጻፈ ባዶ የምትተወው ጥያቄ አይኑር፤ ከአራት ምርጫዎች ሁለቱ ስሕተት መሆናቸውን ካወቀች ዕድሏ ከአራት አንድ መሆኑ ቀርቶ ከሁለት አንድ ይሆናል።

ዘንድሮ ይቅርባት ለሚሉዎት የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ክልላዊው ፈተና ወደ 9ኛ ክፍል መሸጋገሪያ በመሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ቤት መቀመጥ የክፍልፋይን ችግር አይፈታም፤ ከትምህርት የራቀች ሴት ልጅ ደግሞ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚከብዳት እርስዎም እኔም እናውቃለን። ይልቁንም ይህ ጥገና የሚጠቅማት ለሰኔ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ያስታውሱ ይሆናል፤ እኔ እንደማምነው ያ ጉድለት በ12ኛ ክፍል የተፈጠረ ሳይሆን በታችኛው ክፍል ሳይታረም አብሮ ያደገ ነው። የእርስዎ ልጅ ገና 8ኛ ክፍል ሳለች ተደርሶባታል።

ማታ ማታ ከምትጽፈው የስሕተት ገጽ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ቁጥሩን ይላኩልኝ፤ ምልክት ስንት፣ ክፍልፋይ ስንት፣ ቅንፍ ስንት፣ ጥያቄው አልገባኝም ያለችው ስንት እንደሆነ ብቻ ቢጽፉልኝ ይበቃል። ከእነዚህ አንዱን የሚመለከቱ በርከት ያሉ የመለማመጃ ጥያቄዎችን ከነአሠራራቸው አዘጋጅቼ እልክላታለሁ።